አዲሱን ስትሸጡልን አሮጌውንም አስዘጉልን፦ ለአማርኛ ተናጋሪ የቤት ኢንሹራንስ ኤጀንቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የቤት ኢንሹራንስ ለምትሸጡልን አማርኛ ተናጋሪ ኤጀንቶች በሙሉ

የተከበራችሁ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፣

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የምንኖር የአንድ ዕድር አባላትን ወክዬ ነው። ዕድራችን የተቋቋመው እንደማንኛውም ዕድር ለሐዘን ነው። ለቀብር፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ፣ ለቀስተኛ ለማስተናገድ። የኢንሹራንስ ጉዳይ አጀንዳችን ሆኖ አያውቅም ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አባላት ወደ ስብሰባው ፖስታ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አንዳንዱ ፖስታ ተከፍቷል፣ አንዳንዱ እንደታሸገ ነው። «እስቲ ይቺን አንብብልኝ» ይሉኛል። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ የሁሉም ወረቀት እኔ ጋ ይመጣል። ሌላው ቡና ሲጠጣ እኔ ደብዳቤ አነባለሁ።

ሳነብ ሳነብ ነገሩ ተመሳሰለብኝ። የቤት ኢንሹራንስ ዋጋ ስለጨመረባቸው ሰዎቹ ኩባንያ ቀይረዋል። አዲሱን የሸጠላቸው ከእናንተ መካከል አንዱ ነው። አሮጌው ግን ወይ አልተዘጋም፣ ወይ ባልሆነ ቀን ተዘግቷል። ለኩባንያዎቹ ሳይሆን ለእናንተ የጻፍነውም ለዚህ ነው። ኩባንያው አያውቀንም፤ እናንተ ግን በቋንቋችን አነጋግራችሁን፣ በሠርጋችንም በለቅሷችንም ላይ ካርዳችሁን ሰጥታችሁን ነው የፈረምነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን «አሮጌው በራሱ ይዘጋል» የምትሉት ነገር ነው።

ከአባሎቻችን አንዷ አረጋውያንን ትንከባከባለች፤ የማታ ፈረቃ ነው የምትሠራው። ጀርመንታውን ውስጥ ታውንሃውስ አላት። ማርች ላይ ኢንሹራንስ ስትቀይር ጠይቃለች፤ «አሮጌውንስ ምን ላድርገው?» ብላለች። «አትጨነቂ፣ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይወጣል» ተባለች። አልወጣም። ሊወጣም አይችልም። አሮጌው ኩባንያ አዲስ መግዛቷን በምን ያውቃል? ማንም ካልነገረው ውሉን ያድሰዋል፣ የሚቀጥለውን ዓመት ቢልም ለሞርጌጅ ድርጅቷ፣ ማለት ለቤቱ ላበደራት ድርጅት፣ ይልካል። እንዳለውም ሜይ ላይ ላከ።

ከእኛ ብዙዎቻችን ኢንሹራንሳችንን በእጃችን አንከፍልም። በየወሩ ከቤቱ ክፍያ ጋር ለንብረት ታክስና ለኢንሹራንስ የሚሆን ገንዘብ ኤስክሮ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቢሉ ሲመጣ ሞርጌጅ ድርጅቱ ከዚያ አውጥቶ ይከፍላል። የእሷም ድርጅት ለአዲሱ ከፈለ፣ ለአሮጌውም 1,740 ዶላር ከፈለ። እሷ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች፤ ማን ምን እንደከፈለ የነገራት የለም። ያወቀችው የዓመቱ የኤስክሮ ሒሳብ ሲመጣ ነው። ጉድለት አለብሽ ተባለች። ጉድለቱ በ12 ወር ሲካፈል ወርሃዊ ክፍያዋ በ145 ዶላር ከፍ አለ። ለመቆጠብ ብላ ነበር የቀየረችው።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። አዲሱ ኢንሹራንስ ከማርች ጀምሮ እንደነበራት የሚያሳየውን ዲክላሬሽን ፔጅ (የውሉ ቀንና ሽፋን የተዘረዘረበትን ገጽ) ልከንላት፣ አሮጌው ኩባንያ ውሉን ከታደሰበት ቀን ጀምሮ ሰረዘው፤ ገንዘቡንም መለሰ። ቼኩ የመጣው በእሷ ስም፣ በቤቷ አድራሻ ነው። ደስ አላት። አዲስ አበባ ለምትታከም እናቷ ላከችው። ያ ገንዘብ ግን ተመልሶ ወደ ኤስክሮው መግባት ነበረበት፤ የወጣው ከዚያ ነውና። ጉድለቱ እንዳለ ቀረ። ይህን ሳስረዳት ቼኩ የመጣበትን ፖስታ አራት ቦታ አጥፋ በእጇ ይዛ ነበር። «ታዲያ ምነው አንድ ሰው እንኳ ቢነግረኝ» አለች። እኔም የምጠይቃችሁ ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ወሬም ላንሳ። «ሁለት ኢንሹራንስ ቢኖርህ ምን ቸገረህ፣ ቤቱ ቢቃጠል ሁለቱም ይከፍሉሃል» የተባሉ አባላት አሉን። ውሸት ነው። የቤት ኢንሹራንስ ውሎች ሌላ ኢንሹራንስ ካለ ጉዳቱን ተካፍለው እንደሚከፍሉ ይናገራሉ። ሁለት ጊዜ መክፈል እንጂ ሁለት ጊዜ መቀበል የለም። ያውም ሁለቱ ኩባንያዎች ድርሻቸውን እስኪነጋገሩ ባለቤቱ ደጅ ይጠናል።

ሁለተኛው ቅሬታችን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አዲሱ ሳይጀምር አሮጌውን ማስዘጋት።

ዉድብሪጅ የሚኖር ታክሲ ነጂ አባላችን ጁን 6 ቀን ፈረመ። «ዛሬውኑ ደውለህ አሮጌውን ካንስል አድርገው፣ ሁለት እንዳትከፍል» ተባለና ከመኪናው ሳይወርድ ደወለ። አዲሱ ግን የሚጀምረው ጁን 15 ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቤቱ ያለ ኢንሹራንስ ቆመ። እሱ በነዚያ ቀናት ልጁን አስመርቆ፣ ጓሮው ውስጥ ከሰል አንድዶ እንግዳ እያበላ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልደረሰም። ሲነግረኝ ግን ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቀን ማስተካከል ከባድ ነገር አይደለም። ውሉ ላይ 12:01 ተብሎ የሚጻፈው ሰዓት እኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ1 ደቂቃ። ቀትር ነው ብለው የሚያነቡት አሉና ንገሯቸው። አዲሱ ጁን 15 ከጀመረ አሮጌውም የሚዘጋው ጁን 15 ነው። ጁን 14 ብሎ መጻፍ ቤቱን አንድ ቀን ሙሉ ክፍት መተው ነው፤ ጁን 16 ከተባለ ደግሞ የአንድ ቀን ትርፍ ይከፈላል። ሁለቱ ወረቀቶች ላይ አንድ ቀን መጻፍ ብቻ ነው የሚጠበቀው።

ከዚህ የባሰው የጣሪያው ጉዳይ ነው። አዲስ ኩባንያ ውሉን ከሰጠ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው ልኮ ቤቱን ከውጭ ፎቶ ያነሳል። ጣሪያው ካረጀ፣ የደረጃው መደገፊያ ከተሰበረ፣ ዛፍ ቤቱ ላይ ከተንጠለጠለ ውሉን ሊሰርዝ ይችላል። እናንተ ይህን ታውቃላችሁ። ሃያትስቪል ያሉት ባልና ሚስት አባሎቻችን ግን አያውቁም ነበር። አሮጌውን ዘጉ። ሰውየው መጥቶ ፎቶ አነሳ፤ የሪል እስቴት ሰው መስሏቸው ነበር። ከዚያ የስረዛ ደብዳቤ መጣ፤ አዲሱ ኢንሹራንስ ከተገዛ ወዲህ የፖስታ መዓት ስለሚመጣ ማስታወቂያ ነው ብለው ፍሪጁ ላይ አስቀመጡት። የሞርጌጅ ድርጅቱ ሁለት ማስጠንቀቂያም እዚያው ፍሪጅ ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ ድርጅቱ ራሱ ኢንሹራንስ ገዝቶ ሒሳቡን በእነሱ ላይ ጻፈ።

ፎርስ ፕሌስድ የሚሉት ይህ ነው። ከተለመደው ይወደዳል፤ የሚጠብቀውም በዋናነት የአበዳሪውን ገንዘብ ነው። ቤቱ ቢቃጠል ሕንጻውን እንጂ የልጆችን አልጋ፣ ልብስ፣ ሶፋ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። የፌደራሉ ደንብ ግን ለባለቤቱም መንገድ ትቶለታል። ሞርጌጅ ድርጅቱ ገንዘቡን ከማስከፈሉ ቢያንስ 45 ቀን በፊት የመጀመሪያውን ደብዳቤ መላክ አለበት። ከዚያም ሁለተኛ ማስታወሻ ይልካል። ባለቤቱ ኢንሹራንስ እንደነበረው ማስረጃ ካቀረበ በ15 ቀን ውስጥ ያንን መሰረዝና የተደራረበውን ጊዜ ገንዘብ መመለስ ይገባዋል። ይህን ስንቶቻችሁ ለደንበኛችሁ ነግራችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው።

ማስረጃ ማቅረብ ሲባልም እናንተ ላይ የሚወድቅ ሥራ አለ። አዲሱ ውል ላይ የሞርጌጅ ድርጅቱ ስምና አድራሻ፣ የብድሩ ቁጥርም በትክክል መጻፍ አለበት። ብድር ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ሲሸጥ እናያለን። የድሮው ስም ከተጻፈ ቢሉም ማስረጃውም ወደማይመለከተው ይሄዳል፤ ኢንሹራንስ ያለው ሰው እንደሌለው ይቆጠራል። የዚህ ዓይነት ሦስት ደብዳቤ በእጄ አለ።

ሦስተኛው አጭር ነው። ኢንሹራንሱን በቀጥታ ከባንኩ ለሚከፍል ሰው «ባንክህ ክፍያውን እንዲያቆም ንገረው፣ በቃ» አትበሉት። ያ መዝጋት አይደለም። አሮጌው ኩባንያ እስከዘጋበት ቀን ድረስ ላለው ጊዜ ሒሳብ ይልካል፤ ካልተከፈለ ለዕዳ ሰብሳቢ ይሄዳል። መዝገቡም ላይ ባለመክፈል ተሰረዘ ይላል። ሌላ ጊዜ ዋጋ ሲጠየቅ ያ ጥያቄ ይነሳል። አንድ ወጣት አባላችን ቤት በገዛ በሁለተኛ ዓመቱ ይህ ደርሶበታል። ጥፋቱ ምክር መስማቱ ነው።

አራተኛውን ስጽፍ እጄ ይከብዳል።

አንድ ቤተሰብ በርካሽ ዋጋ ተደስቶ ቀየረ። በዓመት 400 ዶላር ገደማ ቀነሰላቸው። አሮጌው በሥርዓት ተዘጋ፣ ቀኑም ልክ ነበር። ሁለቱን ዲክላሬሽን ፔጅ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ግን አልነበረም። አሮጌው ላይ ከፍሳሽ መስመር ወይም ከሰምፕ ፓምፕ (ከቤዝመንት ውኃ ከሚያወጣው ፓምፕ) ተመልሶ ለሚገባ ውኃ የተጨመረ ሽፋን ነበር። አዲሱ ላይ የለም። ለዚያ ነው የረከሰው።

በኃይለኛ ዝናብ ሌሊት መብራት ጠፋ። ቤዝመንት ውስጥ ያለው ፓምፕ ቆመ። ጠዋት ስሄድ ውኃው ቁርጭምጭሚት ድረስ ነበር። ቤዝመንቱን ለአያት ብለው ነው ያሠሩት፤ ምንጣፉ አብጦ ተነስቷል፣ ግድግዳው ከታች ጀምሮ ጠቁሯል። አያትየዋ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ከጎንደር ያመጡትን ሞሰብ ጭናቸው ላይ አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል። ቀለሙ ለቆ ነጠላው ሐምራዊ ሆኗል። ኢንሹራንሱ አይመለከተኝም አለ። በውሉ መሠረት ልክ ነው። የሸጠላቸው ሰው ግን በዚያ ሳምንት ስልክ አላነሳም።

የጎርፍ ኢንሹራንስም እንደዚሁ ነው። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም፤ የራሱ ውል አለው። «ሁሉንም ዝጋልኝ» ሲባል አብሮ እንዳይዘጋ። በፌደራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም እንደገና ለመግባት በተለመደው ሁኔታ 30 ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ቤቱን ከመኪናው ጋር አብሮ ኢንሹራንስ የገባ ሰውም የቤቱን ብቻ ሲያወጣ የመኪናው ቅናሽ ይጠፋል። በቤቱ ያተረፈውን በመኪናው ይከፍላል። ድምሩን ሠርታችሁ አሳዩን፤ ካልኩሌተሩ እናንተ ጋ ነው።

የምትሰጡንን መልስ እናውቀዋለን፤ ከአንዳንዶቻችሁ ሰምተናልና። «የሌላ ኩባንያን ውል መዝጋት አንችልም፣ ባለቤቱ ነው የሚዘጋው» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ የባለቤቱ ፊርማ ያስፈልጋል። እኛም ያለ ፊርማችን ዝጉ አላልንም። አኮርድ 35 የሚባል የስረዛ መጠየቂያ ቅጽ አለ፤ የሙያ ሰዎች ናችሁና ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። የፖሊሲ ቁጥር፣ የሚዘጋበት ቀን፣ ፊርማ፤ ይኸው ነው። አንዲት ኤጀንት ለአንድ አባላችን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይህን ቅጽ አስፈርማ በኢሜይል ልካለታለች። ከ20 ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ስለዚህ ይቻላል።

እኛም ሳናነብ ፈርመናል፤ አንክድም። አሁን በዕድራችን ወረቀት የሚያነብ ኮሚቴ አቋቁመናል። ግን አንድ ሰው በቋንቋዬ አስረድቶኛል ብሎ ሲፈርም፣ ያልተነገረውን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ከመፈረማችን በፊት በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ስጡን። አዲሱ የሚጀምርበት ቀን፣ አሮጌው የሚዘጋበት ቀን፣ የስረዛውን ወረቀት ማን እንደሚልክና መቼ እንደሚልክ ይጻፍበት። አሮጌው ውል ቀድሞ ለመውጣት ቅጣት የሚቆርጥ ከሆነም ይጻፍ። አንዳንድ ውል ላይ ይህ አለ፤ ብዙ ጊዜም ከሚመለሰው ገንዘብ 10 በመቶ ገደማ ነው። የሚታደስበት ቀን ቅርብ ከሆነ «ትንሽ ቆዩ» በሉን። ኮሚሽናችሁ አይጠፋም።

የስረዛውን ቅጽ ከአዲሱ ማመልከቻ ጋር አንድ ላይ አስፈርሙን። የአዲሱ ውል ማረጋገጫ በእጃችን ሳይገባ ግን አትላኩት። ቤቱን ፎቶ የሚያነሳ ሰው እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ጣሪያው ያሰጋል ብላችሁ ካሰባችሁ ሳትሸጡልን ንገሩን።

ሁለቱን ዲክላሬሽን ፔጅ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ምን እንደቀረ በጣታችሁ አሳዩን። ውኃ፣ ጣሪያ፣ ዲዳክቲብል (ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ ከኪሳችን የምንሸፍነው)። እነዚህን ሦስቱን ብቻ እንኳ።

አዲሱን ማስረጃ ከትክክለኛው የብድር ቁጥር ጋር ለሞርጌጅ ድርጅቱ ላኩ፤ መድረሱንም ጠይቁ። ለአሮጌው እንዳይከፍልም አሳውቁልን።

በ30ኛው ቀን አንድ ጊዜ ደውሉልን። «የስረዛ ደብዳቤ መጣልሽ ወይ? ቼክ መጣ ወይ? ወደ ኤስክሮው መልሰሽዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አማርኛ ለማይቀናቸው አባሎቻችን በኦሮምኛም በትግርኛም መናገር የምትችሉ አላችሁና በሚገባቸው ቋንቋ ይሁን።

እነዚህን የሚያደርጉ ኤጀንቶች ስማቸውን እንዲልኩልን እንጠይቃለን። ስማቸውን በዕድራችን ስብሰባ ላይ እናነባለን፤ አባሎቻችንንም ወደ እነሱ እንልካለን። ከዚህ ደብዳቤ ቀን ጀምሮ ባለው አንድ ወር ውስጥ መልስ እንጠብቃለን። ከእናንተ ፈቃደኛ የሆነ ካለ በሚቀጥለው የወሩ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ለአባላቱ ቢያስረዳ በደስታ እንቀበላለን፤ አዳራሹም ቡናውም የእኛ ነው።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ችግር የሚገጥመው አባል አቤቱታውን በሜሪላንድ ለስቴቱ የኢንሹራንስ አስተዳደር፣ በቨርጂኒያ በስቴቱ ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ሥር ላለው የኢንሹራንስ ቢሮ፣ በዲሲ ደግሞ ለኢንሹራንስ፣ ሴኩሪቲና ባንክ መሥሪያ ቤት ማቅረብ ይችላል። ክፍያ የለውም። አቤቱታውን በእንግሊዝኛ መጻፍ ለሚያስቸግረው ኮሚቴያችን ይጽፍለታል። ይህን ለማስፈራራት አላነሳንም፤ አባሎቻችን መብታቸውን ማወቅ ስላለባቸው ነው።

የሞሰቡ ባለቤት እናታችን ቤዝመንታቸው እስካሁን አልተጠገነም። ላይ ፎቅ ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው የሚተኙት። ኢንሹራንሱን የሸጠላቸው ኤጀንት ይህን ደብዳቤ ካነበበ ስልኩን አንስቶ ይደውልላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣

የዕድሩ ጸሐፊ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ